ቴሪዮስ ወይስ ራሽ? ለእኔ ጃማ ፈርዶልኛል

ቴሪዮሴን ከያዝኩ አንድ ሙሉ በጋና አንድ ክረምት አልፏል። ደሴና ኮምቦልቻ መመላለሱን፣ ልጆች ትምህርት ቤት ማድረሱን አላወራላችሁም፤ ያንን ማንኛውም መኪና ይሠራዋል። የማወራው ዳሽቦርዱ ላይ ስላለችው አንዲት በጣት የምትጫን ቁልፍ ነው። ስገዛው ደላላው አንድም ጊዜ አላነሣትም። ዛሬ ግን «ከሁለቱ የቱን ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ የሚጀምረው ከእሷ ነው።

ሁለቱ የምላቸው ዳይሃትሱ ቴሪዮስና ቶዮታ ራሽ ናቸው፤ በፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ የወጣው ሞዴል። ስማቸው ይለያይ እንጂ መኪናው አንድ ነው። ሁለቱንም የሠራው ዳይሃትሱ ነው፤ ቶዮታ ከ1998 ጀምሮ የዳይሃትሱን ከግማሽ በላይ ድርሻ ይዞ ቆይቶ በ2016 (እነዚህም በፈረንጆቹ ነው) ጠቅልሎ ገዛው። ኮፈኑን ክፈቱት፤ ያው 1495 ሲሲ፣ በቺንጋ ሳይሆን በካቴና የሚሠራው ባለ 109 ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው የምታገኙት።

ደላላው ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ አሳየኝ። ራሹ በኋላ እግሩ ብቻ የሚሄድ፣ ቴሪዮሱ ፎር ዊል፣ በአራቱም እግሩ የሚሄድ። ዋጋው ግን የተገላቢጦሽ፤ ራሹ ይወደዳል። «ለምን?» ብለው «ወንድሜ፣ ቶዮታ ቶዮታ ነው!» አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ፣ መሪ ይዤ ብቻዬን ስሄድ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር እከራከራለሁ። መለዋወጫ አታገኝም ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የፍሬን ሸራም የዘይት ማጣሪያም የራሽ ብዬ ጠይቄ ቴሪዮሱ ላይ አስገጥሜያለሁ፤ ልክ ነው የሚገባው። ስትሸጠው ትከስራለህም ብሎኛል። እኔ የገዛሁት ልሸጠው አይደለም። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ የያዙትን ጠብቆ መያዝ እንጂ በየጊዜው መቀያየር የማን አቅም ነው?

ወደ ቁልፏ ልመለስ። ባለፈው ነሐሴ የባለቤቴ አጎት አርፈው ለቀብር ደቡብ ወሎ ውስጥ ወዳለችው ጃማ ወጣን፤ በጉጉፍቱ፣ በወረኢሉ አድርገን። አማቼ፣ የባለቤቴ ወንድም ማለቴ ነው፣ በራሹ ነበር የመጣው፤ ያው ሞዴል፣ በኋላ እግር ብቻ የሚሄደው። ዋናው መንገድ አላስቸገረንም። ተገንጥለን ወደ ገጠሩ ስንገባ ነው ነገሩ የመጣው።

ጃማን የሚያውቅ አፈሩን ያውቀዋል። ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፤ ዝናብ ሲጥል ውሃውን ጠጥቶ ያብጥና እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ጤፉና ስንዴው የሚያምረው በዚሁ አፈር ነው። ለጎማ ግን ጠላት ነው፤ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል።

አንዲት አጭር አቀበት ላይ ራሹ ቀድሞን ገባ። ከመሃል ሳይደርስ የኋላ ግራ ጎማው ባዶውን መሽከርከር ጀመረ። አማቼ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ይሰምጣል። እኔ በጎን ሞከርኩ፤ ትንሽ ወጣሁና እኔም ቆምኩ። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። ፎር ዊሉ ቴሪዮስ ሁልጊዜ በአራቱም እግሩ ነው የሚሄደው፤ ነገር ግን መኪና ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ስለማይዞሩ፣ ጉልበቱን ለሁለቱ የሚያከፋፍል ዲፈረንሻል መሃል ላይ አለው። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ባዶውን ከዞረ ጉልበቱ ሁሉ በዚያው ይፈሳል። ስለዚህ ፎር ዊል መሆኑ ብቻውን አያወጣችሁም። ቁልፏ ያንን የመሃል ዲፈረንሻል ትቆልፈዋለች፤ የኋላው ቢንሸራተትም የፊቱ የድርሻውን አያጣም።

ተጫንኳት። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ነዳጅ ሳላበዛ ለቀቅኩት። ፊቱ ነከሰ፤ ኋላው ተከተለ፤ ቀስ እያለ ወጣ። ሊገፉን ጫማቸውን አውልቀው የመጡ አንድ አያ «አብሽር ልጄ፣ አንተስ እኛን አትፈልግም፤ ወደዚያኛው እንሂድ» ብለው ወደ ራሹ ዞሩ። ከላይ ጠንከር ያለ መሬት ላይ ቆሜ፣ ገመድ አስረን፣ ሰው ከኋላ እየገፋ ራሹንም አወጣነው። ለቀብሩ ደረስን። ያን ቀን ባንደርስ ኖሮ ባለቤቴ አጎቷን ሳትሸኝ ትቀር ነበር፤ ለእኔ የመኪናው ዋጋ የተመለሰው እዚያ ነው።

ጎማቸው አንድ ዓይነት ነበር፤ ከመሬት ያላቸው ከፍታም ያው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የለያያቸው የፊት እግሩና ያቺ ቁልፍ ብቻ ናቸው። ለራሽ ፍርድ ላዛባ አልፈልግም፤ ራሽም ፎር ዊል ያለው አለ፣ እሱን ያገኘ ሰው ከእኔ እኩል ነው። እኔ የምቃወመው ለስሙ ብሎ በኋላ እግሩ ብቻ የሚሄደውን በውድ የሚያስገዛውን ምክር ነው። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ለሚኖር ምንም አይደለም። ወሎ ውስጥ፣ ዘመዱ ገጠር ላለ ሰው ግን ነውር ነው።

የሞተሩ ድካም እውነት ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። 109ኙ ፈረስ እዚህ ሲደርስ ወደ 80 ይጠጋል። ከኮምቦልቻ ጭኖ ሲወጣ ማርሽ ማውረድ ግድ ነው። ራሹም ያው ነው። እንደ ላንድክሩዘር በዝግታ ጉልበት የሚያበዛው ከባዱ ማርሽም የለውም፤ ስለዚህ ገደል አልወጣበትም።

አሁን አማቼ ራሹን ሸጦ ፎር ዊል እየፈለገ ነው። ደላላው በዚህ ልክ ነበር፤ ራሹ ወዲያው ነው ገዢ ያገኘው። አብሬው እየዞርኩ የማየውን ለእናንተም ልንገራችሁ። በጀርባው «4WD»፣ ፎር ዊል ማለት ነው፣ የሚል ጽሑፍ ስለተለጠፈ አትመኑ። ከፊት ዝቅ ብላችሁ ከሥር እዩ፤ ወደ ሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚሄዱ አክስሎች፣ ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎች፣ ከሌሉ ፎር ዊል አይደለም። ካሉ ሞተሩን አስነሡና ቁልፏን ተጫኑ፤ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቷ መብራት አለባት። ከዚያ ጠጠር ወይም አፈር ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ መኪናው ያዝ ያዝ ካደረጋችሁ ተቆልፏል ማለት ነው። አስፋልት ላይ ይህን አትሞክሩ፤ ደረቅ መንገድ ላይ ተቆልፎ መዞር ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። ሙከራውን ስትጨርሱም ቁልፏን መልሳችሁ ማጥፋት እንዳትረሱ።