ራሽ እና ዘ ባንድ፦ የሁለት የካናዳ ሮክ ባንዶች አነሳስ

ራሽ የሰፈር ልጆች ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በቶሮንቶ፣ ዊሎውዴል በተባለ መንደር ተመሠረተ፤ አባላቱ ጌዲ ሊ እና አሌክስ ላይፍሰን የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ነበሩ። መጀመሪያ የተጫወቱት በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። በ1971 ቶሮንቶ የምትገኝባት ክፍለ ግዛት ኦንታሪዮ የመጠጥ ዕድሜን ወደ 18 ዝቅ ስታደርግ የመጠጥ ቤቶች በር ተከፈተላቸው፤ ማታ ማታ እየሠሩ እጃቸውን አፍታቱ። አሳታሚዎች ፊት ቢነሷቸው በ1974 የመጀመሪያ አልበማቸውን ራሳቸው አሳተሙ። በክሊቭላንድ ሬዲዮ ትሠራ የነበረችው ዶና ሃልፐር ከአልበሙ ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ስታሰማ የአድማጭ ስልክ ጎረፈ፤ ከአሜሪካ አሳታሚ ጋር ውልም ተከተለ።

ዘ ባንድ ግን በአሠሪ እጅ የተቀረጸ ነው። ከአሜሪካዋ አርካንሶ የመጣው ዘፋኝ ሮኒ ሃውኪንስ ከበሮ መቺውን ሌቮን ሄልምን ይዞ ኦንታሪዮ ከገባ በኋላ አራት ካናዳውያንን አንድ በአንድ ቀጠረ። ሙዚቃን በወጉ የተማረው ጋርዝ ሃድሰን የሮክ ተጫዋች መሆኑ ቤተሰቡን እንዳያስከፋ፣ ባልደረቦቹ በሳምንት አሥር አሥር ዶላር እየከፈሉት የሙዚቃ አስተማሪያቸው ተባለ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ሃውኪንስ በልምምድ ጉዳይ ምሕረት አያውቅም ነበር። ከእርሱ ተለይተው ከዘፋኙ ቦብ ዲላን ጋር ለኮንሰርት ሲዞሩ ታዳሚው በጩኸት ቢያወግዛቸውም፣ የራሳቸውን አልበም በ1968 አወጡ።

እኔ የዘ ባንድን መንገድ አስበልጣለሁ። ሦስት ድምፃውያን ያሉት፣ አባላቱ መሣሪያ እየተቀያየሩ የሚጫወቱበት ቡድን የዚያ የዓመታት ልምምድ ፍሬ ነው።