ለቦቢ ሐኪም ምስጋና፣ ቡችላው ፎረፎር ላስቸገረው ሰው ደግሞ ጥቆማ

ቡችላዬ ቦቢ ጥቁር ነው። ነጭ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ቶሎ አላየውም ነበር። ከትከሻው እስከ ጭራው ሥር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር፣ ገና በ3 ወሩ። ስዳብሰው እጄ ላይ ይቀራል፣ ሶፋው ላይ ይራገፋል፣ እኔም ጥቁር ሹራብ መልበስ ትቼ ነበር።

ለኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆሽሿል። አጠብኩት። አልለቀቀም። ደግሜ አጠብኩት። በመጨረሻ በየሦስት ቀኑ ገንዳ ውስጥ እከተው ጀመር፣ ያውም በራሴ የፎረፎር ሻምፖ፣ ለኔ የሚሆን ለሱ የማይሆንበት ምን ምክንያት አለ ብዬ። ባጠብኩት ቁጥር ለአንድ ቀን ያምርበትና በማግስቱ ብሶበት ይነሳል። አንዱ ዘይት ቀቢው አለኝ፣ ሌላዋ ኮምጣጤ፣ ሌላው ደግሞ ቲ ትሪ የሚባለውን ከዛፍ ቅጠል የሚወጣ ዘይት ጠብ አድርጊበት አለኝ፤ እሱን ልገዛ ስል ነው ጎረቤቴ፣ እግዜር ይስጣትና፣ «ኧረ መጀመሪያ ለሐኪም አሳዪው» ብላ ወደዚህች የእንስሳት ሐኪም የላከችኝ። (የቲ ትሪውን ነገር ለዶክተሯ ስነግራት ደነገጠች። ለውሻ መርዝ ነው፣ በቆዳው ገብቶ ያንቀጠቅጠዋል፣ ቆሞ መሄድ እስኪያቅተው ሊያደርሰው ይችላል።)

መድኃኒት ትጽፍልኛለች ብዬ ነበር የሄድኩት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ግን «በስንት ቀኑ ታጥቢዋለሽ?» ሆነ። በኩራት ነገርኳት። ዝም ብላ አየችኝና «በምን?» አለች። ያኔ ኩራቴ ትንሽ ቀነሰ።

ቢሆንም በዚያ ብቻ አልፈረደችም። ይሄ ነው ከሁሉም የወደድኩላት። ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ጀርባውን አበጠረችና የወጣውን ጥቁር ወረቀት ላይ አራግፋ በአጉሊ መነጽር አየችው። ስኮችም ቆዳው ላይ ለጥፋ አነሳችና ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባችው። ምን እየፈለገች እንደሆነ ስጠይቃት፣ ቼይለቲየላ የምትባል ደቃቅ ተባይ አለች አለችኝ፤ ፎረፎሩ ሥር ስለምትንቀሳቀስ ቅርፊቱ ራሱ የሚራመድ ይመስላል። ወደ ሰው ስለምትሻገር የኔን ክንድ ሳይቀር አየችው፣ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ አለ ወይ ብላ። የለም። ጭርትም የለበትም፣ ቁንጫም የለበትም። የትል መድኃኒቱ ቀን ግን አልፎ ስለነበር እሱን እዚያው ሰጠችው።

ከዚያ አስረዳችኝ። የውሻ የላይኛው ቆዳ ከኛ በጣም የሳሳ ነው። የአሲድ መጠኑም ከኛ ስለሚለይ የሰው ሻምፖ አይስማማውም። ቆዳው ራሱ የሚያወጣው ቅባት አለው፣ እኔ በየሦስት ቀኑ አጥቤ የማስወግደው እሱን ነበር። በዚያ ላይ ይሞቀዋል ብዬ መኝታውን ማሞቂያ ሥር አድርጌለት ነበር። እንግዲህ ልጁን ያደረቅኩት እኔው ነኝ።

ለቆዳው ምንም የሚቀባ አላዘዘችም። ለ4 ሳምንት ውሃ እንዳይነካው፣ በቀን አንዴ ለስላሳ ብሩሽ፣ መኝታው ከማሞቂያው ይራቅ፣ ምግቡም ለቡችላ የተዘጋጀ ይሁን። ኦሜጋ 3 ያለው የዓሣ ዘይትም ጨመረች፣ በክብደቱ አስልታ። በግምት እንዳትጨምሪ ብላ አስጠነቀቀችኝ፣ ሲበዛ ያስቀምጠዋል። በ5ኛው ቀን ደውዬ «አልተሻለውም» አልኳት። «ቆዳ እኮ ለመታደስ 3 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ ተይው» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ልክ ነበረች። 3ኛው ሳምንት ላይ ሶፋው ላይ የሚራገፈው ቀነሰ፣ ከወር በኋላ ጀርባው ማብረቅረቅ ጀመረ። ጭራው ሥር አሁንም ትንሽ አለ፣ ግን አያሳክከውም፣ እሷም አላስጨነቃትም።

አሁን የማጥበው ሲቆሽሽ ብቻ ነው፣ አጃ ባለበት የውሻ ሻምፖ፣ ለብ ባለ ውሃ። 10 ደቂቃ ያህል አቆይቼ ውሃው ንጹሕ ሆኖ እስኪወርድ አለቀልቀዋለሁ። ይሄ ማለቅለቅ የሚባለው ነገር ቀላል አይደለም፣ የቀረ ሳሙና ራሱ ያደርቃል። ቆዳው ከቀላ፣ ፀጉሩ ቦታ ቦታ ከረገፈ፣ ከሸተተ ወይም በማከክ ብዛት እንቅልፍ ካጣ ግን ሳትጠብቂ አምጪው ብላኛለች።

እውነቱን ለመናገር ንግግሯ አይለሳለስም፣ ወረፋዋም ረጅም ነው። እኔ ግን ሳያይ አምስት ዓይነት መድኃኒት ከሚያሸክመኝ ሐኪም ይልቅ አይታ የምትቆጣኝን እመርጣለሁ። ዶክተር፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የምትጠቀሙበትን ሻምፖና የምግቡን ከረጢት ያዙ፣ መጠየቋ አይቀርም።