ሪስታር፦ ከሶኒክ ጥላ ሥር የቀረው ኮከብ

ከቀትር በኋላ የድሬ ሙቀት ከቤት አያስወጣም። እኔም ከዚራ ሰፈር፣ ፋኑን ከፍቼ፣ ስልኬ ላይ ሪስታር እጫወታለሁ። በ1995 እ.ኤ.አ. ሜጋ ድራይቭ ለሚባለው የሴጋ ኩባንያ የጌም ማሽን የወጣ ጌም ነው። የዚያው የሴጋን ጌም ሶኒክን የማያውቅ የለም፤ ይሄን ግን ስንቱ ነካው?

ሪስታር እጁ የሚለጠጥ ኮከብ ነው። ጠላቱን ጨብጦ ይስብና በግንባሩ ይገጨዋል። አራተኛው ፕላኔት ላይ ሜትሮኖም (የሙዚቃ ምት መቁጠሪያ) ተሸክማችሁ ለወፎች ታደርሳላችሁ። ወፏ ተቀብላ መዝፈን ስትጀምር ልቤ ጥፍት ይላል!

ስልክ ላይ ለመጫወት ሬትሮአርች በሚባለው የድሮ ጌም ማጫወቻ አፕ ላይ ጀነሲስ ፕላስ ጂኤክስ የሚባለውን ኮር (የሜጋ ድራይቭ ጌም የሚያስነሳውን ክፍል) ጫኑ። ደከም ያለ ስልክም ይችለዋል። የስክሪኑ በተን ግን አይመችም፤ ላብ ያለው ጣት ይንሸራተታል። ታይዋን ሰፈር የገዛሁትን ባለገመድ ጆይስቲክ ስሰካ ነው ጌሙ ነፍስ የዘራው።