ለጥሻ አደን የትኛው የጠመንጃ ማነጣጠሪያ ይሻላል? የብረት፣ የቀይ ነጥብና የዝቅተኛ ማጉያ መነጽር ንጽጽር

በጥሻ ውስጥ የሚያድን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚተኩሰው ከ100 ሜትር፣ ብዙ ጊዜም ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሲሆን እንስሳው ከቅጠል መሃል ብቅ ብሎ የሚሰወረው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ስለዚህ ለገላጣ ሜዳ የሚመረጠው ከፍተኛ ኃይል ያለው መነጽር እዚህ ጉዳቱ ያመዝናል። እኔ ራሴ ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር 9 ላይ እንዳለ ረስቼው ስጓዝ፣ 20 ሜትር ያህል ርቀት ላይ እንስሳ ተነሥቶ በመነጽሩ ያየሁት ቡናማ ጠጉር ብቻ ነበር። ትከሻው ይሁን ሆዱ መለየት ስላልቻልኩ ሳልተኩስ ቀረሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በ9 እጥፍ ማጉላት የሚታየው ስፋት 100 ሜትር ላይ 4 ሜትር ገደማ በመሆኑ 20 ሜትር ላይ ከአንድ ሜትር ያንሳል። ማጉላት የሌለበት ወይም 1 እጥፍ ላይ የተደረገ መነጽር ግን 100 ሜትር ላይ ከ30 ሜትር በላይ ያሳያል።

ገዢዎች እምብዛም የማያስቡት ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም በአዳኙና በእንስሳው መካከል ያለው ቅርንጫፍ ነው። ከባድ ጥይት ቁጥቋጦን ሰንጥቆ ያልፋል የሚለው እምነት ሰፊ ቢሆንም፣ ትንሽ እንጨት የነካ ጥይት ከባድም ይሁን ቀላል አቅጣጫውን ሊስት ይችላል። ከፍተኛ ማጉላት ደግሞ ሩቁን አጥርቶ ቅርቡን ስለሚያደበዝዝ፣ ጥቂት ሜትሮች ፊት ለፊት ያለውን ቀጭን ቅርንጫፍ ፈጽሞ ላያሳይ ይችላል። በዚህ ላይ የማነጣጠሪያው መስመር ከበርሜሉ 4 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ስለሚል፣ በ10 ሜትር ርቀት ጥይቱ ገና ዓይን ከሚያየው መስመር ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚጓዘው። በመነጽሩ ሲታይ ንጹሕ የመሰለ ክፍተት ለጥይቱ የተዘጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ለጥሻ የሚሆን ማነጣጠሪያ በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ የሚታሰርና ቅርቡንም ሩቁንም የሚያሳይ መሆን አለበት።

ከዚህ አንጻር የብረቱ ማነጣጠሪያ የሚናቅ አይደለም። ባትሪ አይፈልግም፣ ጉም አይዘው፣ ክብደቱ ከቁጥር አይገባም፣ ከበርሜሉም ብዙ አይርቅም። ጉድለቱ ያለው ዓይናችን ላይ ነው፤ የኋላውን ክፍተት፣ የፊቱን ጉብታና እንስሳውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይቻልም፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይብሳል። ከኋላ ሰፊ ቀዳዳና ቀጭን ቀለበት ያለው ዓይነት ይህን ችግር በከፊል ያቃልለዋል፤ ዓይን ሳይታዘዝ የቀዳዳውን መሃል ስለሚፈልግ አነጣጣሪው የሚጨነቀው ለፊቱ ጉብታና ለእንስሳው ብቻ ነው። የብረት ማነጣጠሪያ የሚፈልግ ሰው ይህን ቢመርጥ እመክራለሁ። ሆኖም ማምሻ ላይ፣ ጥቁሩ ጉብታ በጥቁር ጥላ ሲዋጥ፣ ሁለቱም ዓይነት ያበቃላቸዋል።

በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየውን የበራ ነጥብ እንስሳው ላይ በማሳረፍ የሚነጣጠርበት የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ለፍጥነት የሚስተካከለው የለም። የስዊድኑ ኤይምፖይንት የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክስ ቀይ ነጥብ ለገበያ ካቀረበበት ከ1975 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሠራሩ ብዙ ተሻሽሎ፣ ዛሬ ጥሩዎቹ በአንድ ባትሪ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ይሠራሉ። ሁለቱም ዓይን ተከፍቶ ይነጣጠርበታል፤ ዓይንን በተወሰነ ርቀት ላይ ማቆየትም አያስፈልግም። የነጥቡ መጠን የሚለካው በማዕዘን ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ) ሲሆን አንዱ 100 ሜትር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ የ4 ደቂቃ ነጥብ 50 ሜትር ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለጥሻ አደን ይህ በቂ ሲሆን የ2 ደቂቃው ደግሞ ራቅ ላለ ተኩስ ይመቻል። ብርሃኑን በራሱ የሚያስተካክለውን ዓይነት ግን አልወደውም፤ አዳኙ በጥላ ውስጥ ቆሞ እንስሳው በፀሐይ ላይ ሲሆን መሣሪያው የሚለካው የጥላውን ብርሃን ስለሆነ ነጥቡ ደብዝዞ ይጠፋል። በእጅ የሚስተካከለው ይሻላል። ክፍት የሆነው ትንሹ ዓይነት ዝናብ ወይም ቅጠል ብርሃን አመንጪው ላይ ሲያርፍበት ነጥቡን ያጣል፤ በቱቦ የታሸገው ከዚህ ችግር ነጻ ነው። አስቲግማቲዝም (ከዓይን ቅርጽ መዛባት የሚመጣ የእይታ ችግር) ያለበት ሰው ነጥቡን ክብ ሳይሆን የተበተነ ኮከብ አድርጎ ሊያየው ስለሚችል፣ ሳይሞክር ባይገዛ መልካም ነው።

በሆሎግራም (በሌዘር ብርሃን በሚፈጠር ምስል) የሚሠራው ማነጣጠሪያ የቀይ ነጥብ የቅርብ ዘመድ ነው። በትልቅ ቀለበት መሃል ያለው ትንሽ ነጥብ ለፈጣን ተኩስ ቢያመችም፣ ሌዘር ስለሚጠቀም ባትሪ ይጨርሳል፣ ከበድም ይላል። ለአደን ብቻ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

የሁለቱም ትልቁ ጉድለት አለማጉላታቸው ነው። ቀንድን ከቅርንጫፍ፣ ትከሻን ከጥላ ለመለየት ዓይን እርዳታ ሲፈልግ ቀይ ነጥብ ምንም አይጨምርም። ከ1 እስከ 4 ወይም ከ1 እስከ 6 እጥፍ የሚያጎላው መነጽር የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። 1 ላይ ሆኖ እንደ ቀይ ነጥብ በሁለት ዓይን ይነጣጠርበታል፤ እንስሳው ቆሞ ጊዜ ሲሰጥ ወደ 3 ወይም 4 ከፍ አድርጎ በቅጠል መሃል ያለውን ክፍተት መመርመር ይቻላል። በማምሻ ብርሃን የሚወስነው የፊት ሌንሱ ስፋት በማጉላቱ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው፣ ከመነጽሩ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ስፋት ነው፤ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ 4 ላይ 6 ሚሊ ሜትር፣ 6 ላይ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። የሰው የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሰፋ ስለሚችል፣ ሲመሽ ማጉላቱን ዝቅ ማድረግ ይበጃል። በብርሃን የሚደምቅ መስቀለኛ ምልክት ያለው ተጨማሪ ዋጋ ቢጠይቅም ይገባዋል። የዚህ መነጽር ጉድለት ክብደቱና የዓይን ርቀቱ ነው፤ ከነማሰሪያው ከግማሽ ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፣ ዓይንም ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ ይኖርበታል፤ አለዚያ ጠመንጃው ሲመልስ ቅንድብን ይመታል። ክብደቱ ለከበደበት ሰው 2.5 እጥፍ ብቻ የሚያጎላው ቋሚ መነጽር ቀላልና ቶሎ የማይበላሽ አማራጭ ነው።

አንድ ማነጣጠሪያ ብቻ የሚገዛ ሰው ከ1 እስከ 4 የሚያጎላውን ቢወስድ፣ ርቀቱ ምንጊዜም ከ50 ሜትር የማይበልጥ ሆኖ እንስሳውን አስቀድሞ በእጅ መነጽር የሚለይ ሰው ግን ቀይ ነጥብን ቢመርጥ ነው የምለው። ምንም ዓይነት ማነጣጠሪያ ቢሆን እንስሳን ለመለየት ብቻ ጠመንጃን ማነጣጠር አይገባም፤ በቅጠል ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሰው ሊሆን ይችላል።

ከመግዛት በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ፣ ዓይንን ጨፍኖ ሰደፉን ትከሻ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያም ዓይንን መክፈት ነው። ምስሉ ወይም ነጥቡ ሳይፈለግ መሃል ላይ ከተገኘ ማሰሪያው ከሰውነት ጋር ተስማምቷል፤ ፍለጋ ካስፈለገ ግን ከፍታው ወይም ቦታው ሳይስተካከል ገንዘብ መክፈል አይገባም።