«ተያያዝን» የሚለውን ቃል ላስተካከለችልን ሴት

ሎስ አንጀለስና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለወንጀል ተጎጂዎች የሚሰጠውን ካሳ ጠይቀን ነበር፤ ትናንት ደብዳቤው መጣ፤ ተፈቅዷል! የሆስፒታሉም ዕዳ፣ ባለቤቴ ከሥራ የቀረበት ደሞዝም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለቤቴ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ፈረቃ ነበር የሚሠራው። አንዱ ገብቶ በጠርሙስ ግንባሩን ፈነከተው። እሱም እንዳይደግመው እጁን ይዞ ገፈተረው። ያደረገው ይኸው ነው። ፖሊስ ሲጠይቀው ግን ደሙ እየፈሰሰ፣ በስልክ አስተርጓሚ፣ «ተያያዝን» አለ። እኛ እንዲህ እንላለን አይደል? ወረቀቱ ላይ «ተደባደቡ» ሆኖ ተጻፈ። በጠቡ ተካፍለሃል የተባለ ሰው ካሳ ሊከለከል እንደሚችል ያወቅነው ኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያየነው መከራ! አንዱ ቅጽ ልሙላላችሁ ብሎ 600 ዶላር ተቀበለንና ስልክ ማንሳት አቆመ። ማመልከቻው ለካ በነጻ ነው። ሌላው «አንተም ነክተኸዋል፣ ዝም ብትል ይሻልሃል» ብሎ አስፈራርቶ ሰደደን። ባለቤቴ ተጎድቶ ሳለ እስር እየፈራ እንቅልፍ አጣ። ሀገር ቤት ላሉት እናቱ እንኳ «ወድቄ ነው» ነው ያላቸው።

በመጨረሻ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህታችን በካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሥር ያለውን የተጎጂዎች አገልግሎት ጠቆመችን። ያገኘናት ሠራተኛ አስተርጓሚ አስገብታ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ «ቃሉን ተወው፣ በእጅህ አሳየኝ» አለችው። ራሷ ተነስታ የውሃ ፕላስቲኳን እንደ ጠርሙስ ከፍ አደረገች። እሱ እጇን ያዘና ቆመ። «ስትገፋው ጠርሙሱ በእጁ ነበር?» «አዎ።» 18 ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። እሷም ወንበሯን አጠገቡ ስባ ዝም ብላ ተቀመጠች። አላስቸኮለችውም።

ከፖሊስ ጋር ምን እንደተጻጻፈች እኔ አልገባኝም። የካሜራው ቅጂ ተገኘ፣ ራሱን መከላከሉ ታወቀ፣ ቃሉ ተስተካከለ። ዕዳ ሰብሳቢዎቹም መደወል ተዉ። አንዲት ሳንቲም አልጠየቀችንም። ልጆቿን ያሳድግላት፣ ክፉ አይንካት!

እባካችሁ የተጎዳ ሰው ካወቃችሁ ንገሩት። ካሊፎርኒያ ውስጥ በየካውንቲው እንዲህ ያለ ቢሮ አለ። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም ብላችሁ አትቅሩ፣ ለዚህ አይከለክሉም። ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 7 ዓመት ጊዜ አላችሁ። የሚሸፍኑት ኢንሹራንስ ያልከፈለውን ነውና ደረሰኝ አትጣሉ። አስተርጓሚ ጠይቁ። የመታችሁን ሰው «መታኝ» በሉ፣ በእናታችሁ «ተያያዝን» አትበሉ። ብቻዬን መሄድ እፈራለሁ የምትሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እኔው ይዣችሁ እሄዳለሁ።