ልቡ ለደከመ አዛውንት፦ ፈሳሽ በገፍ ወይስ በቁጠባ?

በድሬዳዋ ሙቀት ከሌሊት ጀምረው ጾመው ረፋዱ ላይ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚገቡ አባት ምላሳቸው እንጨት ሆኗል። ልጆቻቸው «ግሉኮስ ይሰቀልላቸው» ይላሉ (እኛ አገር የተሰቀለ ሁሉ ግሉኮስ ነው)።

ፈሳሹ በደም ሥር በገፍ ሲሰጥ ኩላሊት ደም አያጣም፤ የደም ግፊትም ይደገፋል። የደከመ ልብ ግን የመጣለትን ሁሉ መግፋት አይችልም። ትርፉ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀምና ማታ ተጋድመው መተንፈስ ያቅታቸዋል፤ ትራስ በትራስ ላይ ይደረደራል።

ቁጠባው ሳንባን ያሳርፋል፤ ዕዳው ኩላሊት ላይ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ፣ 3,000 ገደማ የሆድ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን ባካተተ ጥናት፣ የኩላሊት ጉዳት በቁጠባው ወገን 8.6፣ በሌላው 5 በመቶ ነበር።

እኔ ለእኚህ አባት ወደ ቁጠባው አደላለሁ፤ በጭፍን ግን አይደለም። በጀርባ በሚወጋ ማደንዘዣ ግፊት ሲወርድ ብዙ ጊዜ የደም ሥር ስለሰፋ ነው፤ ሁለተኛ ሪንገር (በደም ሥር የሚሰጥ ጨዋማ ፈሳሽ) ከመክፈት የደም ሥር ማጥበቂያ መድኃኒት ይሻላል። ደም ከፈሰሰ ወይም ሽንታቸው ካነሰ 250 ሚሊ ሊትር ሰጥቼ፣ ሳንባቸውን አዳምጬ፣ እንደገና አስባለሁ።

ጥሙ ራሱ ባይኖር ይሻል ነበር፦ ጨጓራው ቶሎ ባዶ ለሚሆን ሰው ማደንዘዣው ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ውሃ ይፈቀዳል።