ጣት የምትነክሰው የኦክስጅን መለኪያዬ

የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ይቺን ጣት ነክሳ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካ መሣሪያ መርካቶ ገዝቼ ሰባት ወር በኪሴ ይዣት ዞሬያለሁ። በሁለት ቀጭን ባትሪ ትሠራለች፤ ሁለቴ ወድቃም አልተሰበረች። ለአስም ታማሚ ግሩም ናት። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሲመጣ ግን ሰረዝ ብቻ ታሳየኛለች፤ ጣቱ በረዶ ሆኖ፣ ደም ሳይደርሰው፣ ምን ታንብብ? ያኔ ወደ ኪሴ እመልሳትና ጥፍሩን 5 ሰከንድ ተጭኜ እለቃለሁ። መልሶ እስኪቀላ ከ3 ሰከንድ ካለፈ፣ እጁ ከቀዘቀዘና የልብ ምቱ ከፈጠነ፣ የደም ግፊቱ ደህና ነው ቢባል እንኳ አልዘናጋም፤ ብዙ ጊዜ ግፊት የሚወርደው ዘግይቶ ነው። የጥፍር ቀለምም ያወዛግባታል (አንዷን ሙሽራ በአሴቶን አስለቅቄ ነው የለካኋት)። የባትሪ ክዳኗ ግን ላልቶ በፕላስተር አስሬዋለሁ።